የኪዮቶ ዐጸዶችና የበሮቻቸው ነገር

የሀገራችን ሊቃውንት ስለ ጃፓን በጻፉ ጊዜ ሁሉ ልባቸውን የሳበው፥ ያ ሕዝብ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከኋላ ተነሥቶ ከፊተኞቹ መንግሥታት ተራ የገባበት ምሥጢር ነበረ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው የዘመን ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በመልእክተኛነት ወደዚያ ተሻግረው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ ነጻነታችን ከተመለሰ በኋላም ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጥያቄውን ራሱን የመጽሐፋቸው አርእስት አደረጉት። ከነዚህ አባቶች እግር ሥር የተማርን አንባብያን ጃፓን ስትባል መርከቡ፥ ፋብሪካው፥ ሠራዊቱና ትምህርት ቤቱ በዐይነ ኅሊናችን ይደቀናል፤ ዐጸዱ ግን ከመጣልን በመጨረሻ ነው፥ ያውም እንደ ጌጥና እንደ ትርፍ ነገር ሆኖ፥ የሠለጠነ ሰው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነፋስ የሚቀበልበት ቦታ መስሎ። እኔ ዛሬ የዚያች አገር የቀድሞ መናገሻ ስለሆነችው ስለ ኪዮቶ ዐጸዶችና መናፈሻዎች ጥቂት ለመጻፍ የተነሣሁት፥ የሥልጣኔውን ጥያቄና የዐጸዱን ነገር ለያይቶ ማየት ትክክል መስሎ ስላልታየኝ ነው፤ ደግሞም እነዚህ ሥፍራዎች በጎብኚ ብዛት በተጨነቁበት በአሁኑ ዘመን በራቸውን ስለ መክፈትና ስለ መዝጋት የሚደረገው ክርክር፥ የኔም ሐሳብ ቢጨመርበት የማያስቀይም ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ኪዮቶ በ794 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥት ካንሙ ትእዛዝ ስትቈረቈር፥ ተራራ በሦስት ወገን በከበበው ሜዳ ላይ፥ ጎዳናዎቿ እንደ ቻይና መናገሻ በቀጥታ መስመር እየተቋረጡ ተሠርተው ነበረ፤ ከዚያም ወዲያ ከሺህ ዓመት በላይ የነገሥታቱ መንበር ሆና ኖረች። ለንጉሡ መዝናኛ ከከተማይቱ ጋር አብሮ የተተከለው ሺንሴን ኤን የሚባለው ሰፊ ዐጸድ እስከ ዛሬ በቦታው አለ፤ ነገር ግን በ1603 ዓ.ም. ሾገን የሚባለው የጦር ገዢ ቶኩጋዋ ኢያሱ የኒጆን ግንብ ሲያሠራ ብዙውን ምድሩን ስለወሰደበት፥ ዛሬ ከግንቡ ቅጥር በስተ ደቡብ፥ በመንገድ ዳር፥ አንዲት ኵሬና አንድ ቀይ ድልድይ ይዞ ተቀምጧል፤ መንገደኛውም ምን እንደነበረ ሳያውቅ አልፎት ይሄዳል። ይህን ማስቀደሜ፥ ብዙ ሰው የኪዮቶን ዐጸድ ጊዜ ያልነካው፥ የጥንቶቹ ሠርተው እንዳስቀመጡት ጸንቶ የቆየ አድርጎ ስለሚገምት ነው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ከ1467 እስከ 1477 ዓ.ም. በዘለቀው በኦኒን ጦርነት ከተማይቱ ከሞላ ጐደል ዐመድ ሆናለች፤ ሾገኑ አሺካጋ ዮሺሚትሱ በ1397 ዓ.ም. የመሠረተው በወርቅ የተለበጠው ኪንካኩ ጂ እንኳ በ1950 ዓ.ም. አንድ ወጣት መነኵሴ እሳት ለቆበት ነዶ፥ ዛሬ ዓለም ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣው በ1955 ዓ.ም. እንደገና የቆመው ሕንጻ ነው። ያንጊዜ ከእሳቱ የተረፉት ኵሬውና በውስጡ ያሉት ደሴቶች ነበሩ፤ ማለት፥ በዚያ ገዳም ከሕንጻው ይልቅ ዐጸዱ በዕድሜ ይበልጣል።

ከጦርና ከእሳት ይልቅ ኪዮቶን የጐዳት ግን ሹመት ማጣት ነው። በ1869 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ መንበራቸውን ወደ ቶክዮ ባዛወሩ ጊዜ፥ መሳፍንቱና ባለሟሎቹ፥ በነርሱም ደጅ የሚያድሩት ነጋዴዎችና ጥበበኞች ተከትለው ሄዱ፤ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የነበሩት የመሳፍንት ቤቶች ባዶ ቀርተው ጣራቸው ይወድቅ ጀመረ፤ ነቢዩ ኤርምያስ ስለ ኢየሩሳሌም ያለቀሰውን ልቅሶ የሚያውቅ ሰው የዚያን ጊዜዋን ኪዮቶ ለማሰብ አይቸገርም። ከ1877 ዓ.ም. ጀምሮ ፍርስራሹ ተነሥቶ፥ ምድሩ ተደልድሎ፥ ዛፍ ተተከለበት። ዛሬ ኪዮቶ ጊዮኤን የሚባለው፥ ከሰሜን ወደ ደቡብ 1,300 ሜትር፥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 700 ሜትር ያህል የሚሰፋው፥ ሌሊትና ቀን በር የማይዘጋበት፥ ክፍያም የማይጠየቅበት መናፈሻ የተወለደው ከዚህ ፍርስራሽ ነው። የመሳፍንቱ ግቢ የነበረውን ዛሬ ሕፃናት ኳስ ይጫወቱበታል፥ ሽማግሎችም በማለዳ ውሻቸውን አስከትለው ይመላለሱበታል።

የከተማይቱ ሹማምንት ግን ዛፍ ተክለው ብቻ አልተቀመጡም። አገረ ገዢው ኪታጋኪ ኩኒሚቺ ከተራራው ማዶ ካለው ከቢዋ ሐይቅ ውሃ በቦይ ወደ ኪዮቶ ለማምጣት አሰቡ፤ ሥራውንም የሰጡት ይህንኑ ቦይ የመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ ላደረገው፥ ገና ከኮሌጅ ለወጣው መሐንዲስ ለታናቤ ሳኩሮ ነበረ። ቍፋሮው በ1885 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1890 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ ተራራውን በሆዱ ሰንጥቆ የሚያልፈው ትልቁ ዋሻ 2,436 ሜትር ርዝመት ሲኖረው፥ በጃፓን እስከዚያ ዘመን ያን የሚያህል አልተቈፈረም። በመጀመሪያ የታሰበው፥ ውሃው በምሥራቁ ተራራ ግርጌ ሲወርድ መንኰራኵር እንዲያዞርና በዚያ ሠፈር ፋብሪካ እንዲተከልበት ነበር፤ ነገር ግን ታናቤ በ1888 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄዶ ውሃ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ አይቶ ስለተመለሰ ዕቅዱ ተለወጠ፤ በ1891 ዓ.ም. በኬአጌ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ቆመ፥ በ1895 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ ኃይል የሚሄድ፥ በጃፓን ምድር የመጀመሪያ የሆነ፥ የኤሌክትሪክ ባቡር በኪዮቶ ጎዳና ታየ። ኤሌክትሪክ በሽቦ የሚሄድ በመሆኑ ፋብሪካው ከውሃው ሥር መቆም አላስፈለገውም፤ ስለዚህ በናንዜን ጂ ገዳም ዙሪያ ለመንኰራኵር የታጨው ምድር ያለ ሥራ ቀረ፥ ውሃውም እንዲሁ ተረፈ። ፋብሪካ ሊሆን የነበረው ሠፈር ዐጸድ ለመሆን የበቃው በዚህ መንገድ ነው።

በዚያ ሠፈር ሙሪን አን የሚባለውን ዐጸድ ከ1894 እስከ 1896 ዓ.ም. ያሠሩት ያማጋታ አሪቶሞ፥ የጃፓንን የግዴታ ውትድርና የመሠረቱ ጄኔራል፥ ሁለት ጊዜም ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ ሰው ነበሩ። ያማጋታ በኪዮቶ የቆየውን የዐጸድ ሥርዓት አልወደዱትም፤ ጥቅጥቅ ያለው ጥላ፥ የማይንቀሳቀሰው ኵሬ፥ ምሥጢር ተሸክሞ የተቀመጠው ድንጋይ ልባቸውን ስላላረካው፥ ፀሐይ የሚያርፍበት የሣር መስክ፥ ድምፁን እያሰማ የሚወርድ ጅረት፥ ከበስተ ኋላም የምሥራቁ ተራራ ራሱ የግቢያቸው ክፍል መስሎ እንዲታይ ፈለጉ። ይህን የጌታ ፈቃድ ወደ አፈርና ወደ ውሃ የመለሱት የአትክልተኞችን ቤት ስም በሰባተኛ ተራ የያዙት አትክልተኛ ኦጋዋ ጂሄይ ነበሩ (ከ1860 እስከ 1933 ዓ.ም. ኖረዋል)። ኦጋዋ ውሃውን ከቦዩ ስበው በሦስት ደረጃ ፏፏቴ አወረዱት፤ ከዚያ በታች ጅረቱን ዝቅ ባለ ጠጠር ላይ አሳስተው ስለለቀቁት፥ ጥልቀት የሌለው ሆኖ ሳለ ሰፊ ወንዝ ይመስላል። ሰውዬው በምን እንደተደነቁ ለማወቅ የሚፈልግ፥ በሣሩ መካከል ቆሞ ውሃው በየጠጠሩ ላይ ድምፁን እንዴት እንደሚለዋውጥ ይስማ።

በዚሁ ግቢ ውስጥ በአውሮፓ ዓይነት በጡብ የተሠራ አንድ ባለ ፎቅ ሕንጻ አለ። በኤፕሪል 21 ቀን 1903 ዓ.ም. ያማጋታ፥ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢቶ ሂሮቡሚ፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ካትሱራ ታሮና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮሙራ ጁታሮ በፎቁ ላይ ተሰብስበው ከሩስያ ጋር ስላለባቸው ጉዳይ ተማከሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጦርነቱ ተነሣ። የእኛን አገር ምሁራን ዐይን ወደ ሩቅ ምሥራቅ ከመለሱት ነገሮች አንዱና ዋናው የዚያ ጦርነት ፍጻሜ መሆኑን አንባቢ አይዘነጋውም። እንግዲህ ሊቃውንቶቻችን የጠየቁት የኃይል ጥያቄና እኔ አሁን የያዝሁት የዐጸድ ወሬ በአንድ ግቢ ውስጥ፥ በአንድ ቦይ ውሃ ዳር፥ ተገናኝተው ኖረዋል፤ ባቡሩን የነዳው ውሃ ነው ጅረቱን የሞላው። ስለዚህ ዐጸዱን ከሥልጣኔ በኋላ የሚመጣ የድሎት ፍርፋሪ አድርጎ መቍጠር፥ ቢያንስ ስለ ኪዮቶ፥ ከታሪኩ ጋር አይስማማም፤ መንበሯን ያጣች ከተማ ራሷን ያቆመችበት አንዱ ምሰሶ ነበርና።

ኦጋዋ ጂሄይ የማሩያማን የሕዝብ መናፈሻም አድሰዋል፤ ከተማይቱ የተቈረቈረችበት 1,100ኛ ዓመት ሲከበር በ1895 ዓ.ም. በተሠራው በሄይአን የሺንቶ መቅደስ ያለውም ዐጸድ የርሳቸው እጅ ሥራ ነው። በዚህ በመጨረሻው ዐጸድ ኵሬ ላይ ለመሻገሪያ የተደረደሩት ክብ ድንጋዮች፥ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን ማለቂያ በገዢው በቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ዘመን የተሠሩት የከተማይቱ ትልልቅ ድልድዮች ምሰሶዎች የነበሩ ናቸው፤ ድልድዮቹ ሲታደሱ ድንጋዩ አልተጣለም። ከቢዋ ሐይቅ ከውሃው ጋር አብራ የገባች አንዲት ትንሽ የዓሣ ዘርም፥ በሐይቁ ውስጥ ከጠፋች ወዲህ፥ በዚህ ኵሬ ውስጥ ትገኛለች። ይህን ያሰበ፥ ያቀደም ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን በጥንቃቄ የተያዘ ቦታ ባለቤቱ ያላሰበውን እንግዳ ሳይቀር ያተርፋል።

እስከዚህ ድረስ የጠራኋቸው ከጥቂቶቹ በስተቀር ሾገኖችና ሹማምንት ናቸው። ከዚህ ቀጥሎ ወደ ሠሪዎቹ ልለፍ፥ የነገሩ ልብ ያለው በዚያ ነውና። በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን የኪዮቶን ዐጸዶች በእጃቸው የሠሩት አብዛኞቹ ሰዎች ካዋራሞኖ የሚባሉት ነበሩ፤ እነዚህም ግብር በማይከፈልበት በወንዝ ዳር ምድር ይኖሩ የነበሩ፥ ከብት በማረድና ቆዳ በመፋቅ ሥራቸው ምክንያት ርኩሳን ተብለው ከማኅበር የተለዩ ወገኖች ናቸው። ጥበበ እድን የሚንቅ፥ ጥበቡን ግን የሚፈልግ ሕዝብ በምን በምን አገር እንደኖረ መዘርዘር አያሻኝም። ከነርሱ ወገን ዜንአሚ የተባለው አዛውንት በድንጋይ አቀማመጥና በተራራ አበጃጀት ተወዳዳሪ ስላልነበረው፥ የብር ድንኳን በሚባለው በጊንካኩ ጂ መሥራችነት የሚታወቀው ሾገኑ አሺካጋ ዮሺማሳ አጥብቆ ያከብረው ነበር፤ በታመመም ጊዜ መድኀኒት እንደላከለት በዘመኑ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። የልጅ ልጁ ማታሺሮ ደግሞ በአራጆች ቤት መወለዱ እንደሚያሳዝነው፥ ስለዚህም የሕያው ፍጥረት ነፍስ ላለማጥፋትና ንብረት ላለመመኘት መማሉን ለአንድ መነኵሴ ነግሮት፥ መነኵሴው ቃሉን በ1489 ዓ.ም. በማስታወሻው አኑሮለታል። ካህናቱ ርኩስ ብለው ከደጃቸው የሚያርቁት ሰው፥ ምንኵስናቸውን በግብር ፈጽሞት ተገኘ ማለት ነው።

ይህን ይዘን ወደ ርዮአን ጂ ብንገባ ያን ስመ ጥር የድንጋይ ዐጸድ በሌላ ዐይን እናየዋለን። ገዳሙን በ1450 ዓ.ም. የመሠረተው መስፍኑ ሆሶካዋ ካትሱሞቶ ነው፤ በኦኒን ጦርነት ተቃጥሎ እንደገና ተሠራ። ዐጸዱ 25 ሜትር በ10 ሜትር ያህል የሆነ ጠፍጣፋ ምድር ሲሆን፥ ነጭ ጠጠር ለብሶ፥ በዚያ ላይ 15 ድንጋዮች በአምስት ክፍል ተቀምጠውበታል፤ በበረንዳው ላይ በየትም ቢቀመጡ ከ14 በላይ በአንድ ጊዜ አይታይም። ዛፍ የለበትም፥ አበባም የለበትም፤ ከድንጋዮቹ ሥር ትንሽ አረንጓዴ ልምላሜ፥ ከበስተ ኋላም ዘይት እያዠ መልኩ የተዥጐረጐረ የጭቃ ግንብ ብቻ አለ። ትርጓሜውን ለማግኘት የደከሙት ብዙ ናቸው፤ አንዱ ልጆቿን በወንዝ ላይ የምታሻግር ነብር ናት ይላል፥ ሌላው ከባሕር የወጡ ደሴቶች ናቸው ይላል፥ ማን እንደሠራውም ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኔን ግን ከትርጓሜዎቹ ሁሉ የበለጠ የሚማርከኝ፥ ከድንጋዮቹ በአንዱ ጀርባ፥ ከበረንዳው በማይታይ በኩል፥ የሰው ስም ተቀርጾ መገኘቱ ነው፤ ጐልቶ የሚነበበው ኮታሮ የሚለው ሲሆን፥ ከነዚያ ከወንዝ ዳር ሠራተኞች የአንዱ ስም እንደሆነ ብዙዎች ይገምታሉ። በዘመናችን ደግሞ በአራሺያማ የቀርከሃ ደን የሚያልፉ አንዳንድ ጎብኚዎች በቀርከሃው ግንድ ላይ፥ በመንገዱ በኩል፥ ስማቸውን በቢላ ሲቀርጹ ተገኝተዋል፤ የተቀረጸ ቀርከሃ ቍስሉ አይሽርለትምና የደኑ ጠባቂዎች አዝነዋል። ዐጸዱን የሠራው ሰው ስሙን ከድንጋይ ጀርባ ሲደብቅ፥ ለግማሽ ሰዓት ያለፈበት ሰው ስሙን ከፊት ለፊት ይጽፋል።

ስለ ጎብኚው ያለኝን ቅሬታ በዚህ ጀመርሁ። ኪዮቶ በአጐራባቾቿ ከኡጂና ከኦትሱ ጋር በ1994 ዓ.ም. 17 ሥፍራዎቿን በዓለም ቅርስ መዝገብ ካስገባች ወዲህ፥ ይልቁንም ባለፉት ዐሥር ዓመታት፥ የሚጐርፈው ሕዝብ ከልክ አልፎ፥ ነዋሪው በአውቶቡሱ መሳፈሪያ እስኪያጣ ደርሷል። ከተማይቱ ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሆቴል ከሚያድር ሁሉ ቀረጥ ትቀበላለች፤ በጊዮን ሠፈር በ2024 ዓ.ም. የግል የሆኑ ጠባብ መተላለፊያዎች ለጎብኚ ተከልክለዋል፤ በቶፉኩ ጂ ገዳም የሜፕል ቅጠል በሚቀላበት ሰሞን በድልድዮቹ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ ማንሣት አይፈቀድም። ይህን የሚቃወሙ ሰዎች ቃላቸው ከንቱ አይደለም። የሰው ልጅ ሁሉ ቅርስ ተብሎ የተመዘገበውን በየምክንያቱ መከልከል፥ ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ እንግዳውን መገሠጽ፥ ከሩቅ አገር ዕድሜውን ሙሉ አጠራቅሞ የመጣን ሰው በር ላይ መመለስ ደግ አይደለም ይላሉ፤ እኔም ከሩቅ የሚመጣ ወገን ስለሆንሁ ነገሩ ይገባኛል።

ይሁን እንጂ ዐጸድ እንደ ሐውልት ቆሞ የሚጠብቅ ነገር አለመሆኑን ካልተረዳን ፍርዳችን ይጐድላል። በኪዮቶ ያለው ጥድ ያን ቅርጹን የያዘው፥ በየዓመቱ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ያረጀውን ቅጠል በጣቱ እየነቀለ ስለሚያሳሳው ነው፤ ጠጠሩ መስመር መስመር ሆኖ የሚታየው ነፋስና ዝናብ ባጠፋው ቍጥር መነኵሴው ጥርስ ባለው የእንጨት መሣሪያ ስለሚያበጀው ነው፤ የወደቀው ቅጠል የሚጠረገው በመጥረጊያ ብቻ አይደለም፥ ከስሱ ልምላሜ ላይ ሲሆን ተንበርክከው በእጅ ይለቅሙታል። በቅዳሜ የተሠራው ለእሑድ አይተርፍም። ስለዚህ በሩን አብዝቶ መክፈት ማለት፥ የሠራተኛው እጅ ከሚያበጀው ይልቅ የጎብኚው እግር የሚያበላሸው እንዲበልጥ መፍቀድ ማለት ነው።

ለዚህ ከሳይሆ ጂ የበለጠ ምስክር አላገኝም። ይህን ገዳም በ1339 ዓ.ም. ያደሰው ዜን የተባለው የቡድሃ ሃይማኖት ክፍል መምህር ሙሶ ሶሴኪ ነው፤ ዛሬ ግን ስሙ የተጠራው ሞስ በሚሉት፥ በእርጥብ ድንጋይና በዛፍ ሥር ላይ እንደ ስጋጃ በሚነጠፈው ጥቃቅን ዕፅ ነው፤ 120 ያህል ዓይነት ይቈጠርበታል። አስገራሚው ነገር፥ ይህን ልባስ ሙሶ አልተከለውም። ገዳሙ በጦርነትና በጐርፍ ተጐድቶ፥ መነኮሳቱም ደኽይተው፥ ነጩን ጠጠር የሚጠርግ ሰው በጠፋበት በመቶ በሚቈጠር ዓመታት ውስጥ፥ የሸለቆው እርጥበት ራሱ አበቀለው። እግዚአብሔር የተወውን ያለብሳል ብለው አባቶቻችን የሚናገሩት ዓይነት ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ያለ ጥንቃቄ አይኖርም፤ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በየቀኑ ሲረግጠውና በሠፈሩ መኪና ሲበዛበት መድረቅ ስለጀመረ፥ ገዳሙ በ1977 ዓ.ም. በሩን ዘግቶ፥ አስቀድሞ ለሚጠይቅ ብቻ፥ ያውም በመጀመሪያ ወደ አዳራሹ ገብቶ የጸሎት መጽሐፍ በብሩሽ ለሚገለብጥ ብቻ፥ የሚከፍት ሆነ። ቡድሃን የማያመልክ ክርስቲያን የርሱን ጸሎት ይገልብጥ ወይስ አይገልብጥ የሚለውን ለየሰዉ ኅሊና እተወዋለሁ፤ ነገር ግን ሰውን ከመንገድ አቧራ አውጥቶ፥ አስቀምጦ፥ ዝም አሰኝቶ፥ ከዚያ በኋላ ወደ ዐጸዱ ማስገባት እጅግ ብልሃተኛ ሥርዓት እንደሆነ አልክድም።

የካትሱራ የመሳፍንት ግቢም ይህንኑ ብልሃት በድንጋይ ፈጽሞታል። በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ልዑል ቶሺሂቶ የጀመረውና ልጁ ልዑል ቶሺታዳ የጨረሰው፥ ጀርመናዊው የሕንጻ ሊቅ ብሩኖ ታውት በ1933 ዓ.ም. አይቶ በአውሮፓ ስሙን ያስጠራለት ይህ ግቢ፥ መንገዱ ወጣ ገባ ባሉ ድንጋዮች የተነጠፈ ነው፤ ስለዚህ ተራማጁ እንዳይሰናከል ዐይኑን ወደ እግሩ ያደርጋል፥ ሠሪው እንዲያይ በፈለገበት ቦታ ሲደርስ ግን ሰፊና ደልዳላ ድንጋይ ስለሚያገኝ ቀና ይላል፥ ያንጊዜም ኵሬው፥ ድልድዩ፥ የሻይ መጠጫው ቤት ባንድ ጊዜ ይገለጥለታል። እዚያ የሚገባውም ለንጉሠ ነገሥቱ ቤት መሥሪያ ቤት ያመለከተ ሰው ነው፤ በቡድን ሆኖ፥ አስረጂ ከፊት፥ ጠባቂ ከኋላ ሆኖ ይዞራል። ከአራት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ሰው እንግዳው በምን ፍጥነት እንዲሄድ ወስኖ ሳለ፥ አንድ አስጐብኚ ድርጅት በአንድ ቀን ስድስት ዐጸድ አሳያለሁ ብሎ ሲያስታውቅ፥ እኔ የማዝነው ለዐጸዱ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን ለከፈለው ሰው ጭምር ነው።

እንግዲህ መዝጋቱን ደግፌ ሳበቃ፥ በምን ይዘጋ የሚለው ይቀራል። በር በሁለት መንገድ ይጠበባል፤ በገንዘብ ወይም በተራ። ካትሱራ ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ 1,000 የን ያስከፍላል፥ በቍጥር የተወሰነውን ቦታ ግን የሚያገኘው ቀድሞ ያመለከተ ወይም ዕጣ የወጣለት ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ጎሚዝኖኦ በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በተራራ ግርጌ የሠሩት ሹጋኩ ኢንም በዚሁ ሥርዓት ሲጐበኝ ምንም አይከፈልበትም። በሳይሆ ጂ በአንጻሩ የሚጠየቀው ከርዮአን ጂ መግቢያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የገዳሙን ወጪ አላቃልልም፤ ሆኖም ገንዘብ በር ጠባቂ ሲሆን የሚመልሰው ድኻውን እንጂ ሥርዓት የለሹን አይደለም፥ የሀብታም እግርም ሞሱን ከድኻ እግር አሳንሶ አይረግጠውም። የኪዮቶን ዐጸዶች በእጃቸው ከሠሩት የሚበዙት የማታሺሮ ወገኖች መሆናቸውን ስናስብ ደግሞ፥ የልጅ ልጆቻቸው በዋጋ ምክንያት ከደጅ ቢቀሩ ነውሩ እጥፍ ይሆናል። ተራና ዕጣ ግን ሁሉን በአንድ ዐይን ያያሉ።

ከተማይቱ አንዳንዱን ለመዝጋት መብት የሚሰጣት፥ ሌላውን ያለ ስስት ክፍት አድርጋ መያዟ ነው። ስለ ጊዮኤን ተናግሬአለሁ። በ1886 ዓ.ም. የተከፈተው የማሩያማ መናፈሻ፥ ቅርንጫፎቹን እስከ ምድር የሚያዘነብለውን ትልቁን የቼሪ ዛፍ ይዞ፥ ለማንም ሰው ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው፤ የቀድሞው ዛፍ በ1947 ዓ.ም. ደርቆ፥ የዛሬው ከዘሩ የበቀለ፥ በ1949 ዓ.ም. የተተከለ ነው። በሰሜን በኩል በካሞ ወንዝ ዳር ያለው 24 ሄክታር የሚሰፋው የዕፀዋት ማሳያም በ1924 ዓ.ም. ተከፍቶ፥ ከዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 ዓ.ም. የአሜሪካ ሠራዊት ለመኮንኖቹ መኖሪያ ወስዶት ብዙ ዛፍ ተቈረጠበት፤ በ1957 ዓ.ም. ተመልሶ፥ በ1961 ዓ.ም. እንደገና ለሕዝብ ተከፈተ። ወደዚህ የውጭ ጎብኚ እምብዛም አይመጣም፤ የትምህርት ቤት ልጆች፥ እናቶች፥ የዛፍ ስም የሚያጠኑ ጡረተኞች ናቸው የሚሞሉት። በቅርብ ዓመታት የአውራጃው መንግሥት በዚያ ሠፈር የስፖርት አዳራሽና የንግድ ቤቶች የሚጨምር ዕቅድ ባወጣ ጊዜ፥ ነዋሪዎቹ፥ ከነርሱም ጋር በዐጸዱ ኃላፊነት የቆዩ ሊቅ ሳይቀሩ፥ ተቃውመው ፊርማ አሰባሰቡ፤ አዳራሹም በሌላ ከተማ እንዲሠራ ተወሰነ። በዚህ ነገር እኔ ከፈራሚዎቹ ጋር ነኝ፤ ሳይሆ ጂ በሩን ዘግቶ የሚኖረው እንዲህ ያለው ቦታ ክፍት እስከሆነ ድረስ ነውና፥ ከሁለቱ አንዱ ለገበያ ይሰጥ ከተባለ አስቀድሞ ከገበያ ሊጠበቅ የሚገባው ይህ ክፍቱ ቦታ ነው።